«ማን ይንገርዎ?» የሚለው ሳጥን

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ዝናብ። ቆርቆሮው ይጮኻል። ደንበኛ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ የገባው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከዝናብ ሊጠለል። ስልክህን ልየው አልኩት። ስልክ የለኝም አለ። ታዲያ ምን ልጠግንልህ፣ ጃንጥላህን? ጃንጥላም የለውም። ሳቅን። ዝናቡ ሲያባራ ሄደ። ደግ ሰው ነበር። ዝናቡ ትንሽ ቢጨምር ምን ነበረበት።

አንቺ ደብተር፣ አዲስ ነሽና ላስተዋውቅሽ። ጌታሽ ፈንታሁን ነኝ፤ ስልክ ጠጋኝ፣ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ። ሁለቱንም ያስተማረኝ የለም፤ አበላሽቼ አበላሽቼ ነው የለመድኩት። ማስተዋል፣ ማስ የምላት፣ የእህቴ ልጅ ናት። እዚሁ እንጅባራ፣ እዚሁ ጓዳ ውስጥ አደገች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለኋት እኔ ነኝ፤ ያለችኝም እሷ ናት። አ.አ. ትሠራለች። ሥራዋ የስልክ ስክሪን መንደፍ ነው፤ ሰው የቱን ይነካል፣ ሲነካው ምን ይመጣል። ሐሳቡ ገና ጥሬ እያለ ትሥለዋለች፤ ሌሎቹ በኋላ ይሠሩታል።

ለፋሲካ መጥታ ስትመለስ አሮጌ ታብሌቷን ከነብዕሩ ትታልኝ ሄደች። ውስጡ የጋራ ሰሌዳ አለ። እኔ እዚህ የምሥለውን እሷ እዚያ ታየዋለች። ስትገባ ስሟ የተጻፈባት ሰማያዊ ነጥብ ብቅ ትላለች፤ እጇ በሄደበት ትሄዳለች።

የያዝነው ሐሳብ የዕድር ነው። ከተማው ሰፋ፤ የለፋፊው ጡሩንባ ከመናኸሪያው ወዲያ አይሰማም። ባለፈው ሰው ከተቀበረ በኋላ የሰማን አለን፤ አፈርን። እና ለምን በስልክ አይለፈፍም? አለቆቿ ንድፉን ከወደዱት ክረምቱን እዚህ ተቀምጣ ከእኛው ዕድር ጋር ትሞክረዋለች። ክረምቱን በሙሉ! ጓዳውን ኖራ ልቀባ ነው።

10 ሰዓት ከሩብ። ነጥቧ መጣች! ስክሪኗ ላይ ባርኔጣ ያደረገች አህያ ሣልኩባት። ነጥቧ ቀጥ አለች። ከዚያ ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ፣ ብላ አህያዋ አፍ ስር ጻፈች። አህያዋን ግን አልደመሰሰቻትም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ። ከምሳ በኋላ

ተሰደብኩ። ደስ የሚል ስድብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደሌ ያምራል፤ ከግምጃ ቤት ከተማ ድረስ መጥተው የሱቅ ሰሌዳ ያጽፉኛል። የዕድሩን ስክሪንም እንደዚያው ሣልኩት፤ ጥላ፣ ወርቃማ ጠርዝ፣ ጥግ ላይ መስቀል። ይዤው ዞርኩ። የዕድራችን ዳኛ አቶ አይቸው ከቄስ ጋር እንኳ የሚከራከር ሰው ነው፤ ድንቅ ነው ብሎ መለሰልኝ። ባጃጅ ተራ ያሉት አንደኛ ነው ጋሼ ፈንታ፣ ምንም አይወጣለትም አሉ። ሁሉን ለማስ ጻፍኩላት፤ ኩራት በኩራት።

ደወለች። ጋሼ፣ ማን ደፍሮ ይነግርሃል? አለች። ያለቀ የሚመስል ነገር ይዘህ፣ ለፍተህበት፣ በዚያ ላይ ሽማግሌ ሆነህ። ይሉኝታ የሚባል ነገር እንጅባራ የለም እንዴ? አስቀያሚ አድርገህ ሣለው። በግራ እጅህ።

ሽማግሌ ያለችውን አልፌዋለሁ። ተቀይሜ አይደለም፣ ተቆጣጥሬው ነው።

በግራ እጄ ሣልኩት። መስመሩ ሁሉ እንደሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ለዳኛ አይቸው አሳየሁት። ይሄ ምንድነው፣ ዶሮ ሄዳበት ነው? አለ። ከዚያ ማን ያስቁመው! ፊደሉ አይታየኝም። ይሄ ቀዩ የምን ነው? ሰው ሞቶ ሳለ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ምን ቆርጦት ነው? እኔ ዋሽቼ ሰው ልገድል ነው? ብዕሩን ነጥቆኝ ራሱ አንድ ሳጥን ሰረዘ። ዳኛው! ታብሌት ነክቶ የማያውቅ ሰው!

ማስ ስትሰማ እስክትታፈን ሳቀች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ውስጥ ትንሽ ቆየች።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አዲስ ነገር ተማርኩ። ሥዕሎቹን እርስ በርስ ማያያዝ ይቻላል። አንዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትነኪ ሌላው ይመጣል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ሥዕል ብቻ። የሚያየው ሰው ግን እውነተኛ ይመስለዋል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ተንኮል ነው።

ችግሩ የሟቹ ስም። የሆነ ስም መጻፍ አለበት። በሕይወት ያለ ሰው ስም ብጽፍ ሟርት ነው፤ ቤቴን በድንጋይ ይሉታል። የሞተ ሰው ብጽፍ ቤተ ሰቡ አለ። ዝም ብሎ አበበ እንዳልል ዕድሩ በአበበ ተሞልቷል። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። «አቶ ፈንታሁን ዐርፈዋል። ቀብር ነገ 6 ሰዓት።» ማንበብ ለማይችሉት የድምፅ ማጉያ ሥዕል አደረግኩና መልእክቱን በራሴ ድምፅ ቀዳሁ። ሟች ራሱን ሲለፍፍ!

ዳኛ አይቸው ነካው። ሰማ። አየኝ። እንዲህ በቀላሉ አትገላግለንም አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥሎም ድንኳኑን የት እንትከልልህ፣ ለቅሶ ተቀማጩስ ማን ነው ብሎ ቀለደ። አሁንም ሳቅኩ።

ራት ላይ ቀልዱ ተመልሶ መጣ። ብቻዬን ሲሰማ ያን ያህል አያስቅም።

ግንቦት 12፣ ሚካኤል

ሱቅ አልከፈትኩም። ጎረቤቴን እትዬ ሙሉን ላሳያቸው ሄድኩ። ፊደል አይለዩም፤ ጆሯቸው ግን ሁለት ግቢ ያልፋል። የድምፁን ሥዕል ንኩት አልኳቸው። ነኩት። «አቶ ፈንታሁን ዐርፈዋል» አልኩ እኔ ከውስጥ። እኔ ከውጭ ቆሜ ጥርሴን እያሳየሁ።

በነጠላቸው ጫፍ ገረፉኝ። አንተ ሟርተኛ! አፍህን ቁረጠው! ሳቁም። ከዚያ ታብሌቱን መልሰው አዩት። 

ይሄ በሁሉም ስልክ ይጮኻል? አሉኝ። አዎ፣ በአንድ ጊዜ፣ ዕድርተኛው በሙሉ። የሟቹስ ልጅ? የሟቹስ እናት? እነሱም ዕድርተኛ አይደሉ?

ናቸው አልኩ። 

ከዚያ የልጃቸውን ነገሩኝ፤ ቆላ ለሥራ ወርዶ ታሞ የቀረውን። ማለዳ ነው፤ ጥጃ ሊፈቱ ወጥተዋል። ዳኛውና ሌሎች ጋቢ ተከናንበው በበሩ ገቡ። ማንም ጮክ ብሎ እንደምን አደርሽ አላለም። ቃል ሳይወጣ ሁለት ሴቶች ከኋላ ያዟቸው። እስከ ዛሬ የተባለውን ቃል አላስታውሰውም አሉ፤ የያዙኝን እጆች ግን አስታውሳለሁ። ይህን ሲናገሩ አማርኛቸውን ትተው ወደ አገውኛው ገቡ፤ የቀረውን ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የሚያወሩት።

መርዶ! አንቺ ደብተር፣ መርዶን ረሳነው። እዚህ ተወልደን፣ እዚህ አድገን፣ ሁለታችንም ረሳነው። ስለ ቀባሪው ስናስብ ስለሚነገረው ሰው አላሰብንም። የእህቴ ጊዜ እኮ ማስ ባሕር ዳር ተማሪ ነበረች። አልደወልንም። ከዳኛው ጋር በሚኒባስ ሄድን፣ የዶርሟን ልጆች አስቀድመን ቀስቅሰን አጠገቧ አስቀመጥን፣ ከዚያ ነው የገባነው። እንኳን ሌላ ሰው፣ እሷና እኔ እንዴት እንረሳዋለን?

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ለማስ አልነገርኳትም።

ምክንያቴን ስሚ። ንድፉን ለአለቆቿ የምታሳየው የፊታችን ረቡዕ ነው። አሁን ይህን ብነግራት ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ከፈረሰ አትመጣም። ዝም ካልኩ ግን ትመጣለች፤ መጥታ ራሷ ታየዋለች፤ እዚሁ ሆነን እናስተካክለዋለን። ደህና ምክንያት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት።

ከሰዓት ነጥቧ መጣች። እትዬ ሙሉ ምን አሉ ብላ ጻፈች። ወደዱት ብዬ መለስኩ። በቀኝ እጄ፣ በሚያምረው ፊደል።

ልብ የሣለች መሰለኝ። ወይም ድንች። ነጥቧ ወጣች።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ኔትዎርክ የለም። ሰሌዳው ይከፈታል፣ ማንም አይገባበትም። ከዳንግላ የመጣ አንድ ሰው ስልኬ አይሠራም ብሎ አስረክቦኛል፤ ኔትዎርክ ነው፣ የማንም አይሠራም ብዬ ብነግረውም አያምንም። ብቻ ተቀምጦ አወራልኝ። ስልኩን ሆን ብዬ ቀስ ብዬ ፈታሁት፣ ቀስ ብዬ ገጠምኩት። አመስግኖ ሄደ። ምንም ያልሆነ ስልክ ጠገንኩ።

ቤት ገባሁ። ታብሌቱን ከፍቼ ዝም ብዬ የድምፁን ሥዕል ነካሁ። «አቶ ፈንታሁን ዐርፈዋል።» በባዶ ቤት። ደግሜ ነካሁት። ድምፄ ደስተኛ ነው፤ ሳቅ እንደያዘው ያስታውቃል። እና ማስ ታየችኝ፤ አ.አ. ታክሲ ውስጥ፣ መስኮት ዳር፣ ስልኳ ሲጮኽ። በእኔው ድምፅ። ከጎኗ የማታውቀው ሰው።

ታብሌቱን ገለበጥኩት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ኔትዎርክ ከቅዳሴ በኋላ ተመለሰ። ደወልኩ። ቀልድ ሳላስቀድም ነገርኳት። እትዬ ሙሉ ያሉትን፣ እኔም የዋሸኋትን፣ ለምን እንደዋሸሁ።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እያልኩ ነበር። አለሁ አለች። የእማዬን ጊዜ እንዴት ረሳሁት አለች። ከዚያ አፍንጫዋን እየሳበች ሳቀች፤ በግራ እጅ የምንሥለው ለዚህ ነው ጋሼ፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቢሆንስ?

ተቆጥታኛለች? ተቆጥታለች። የምትመጪው ለእኔ ስትይ ነው ወይስ ለዕድሩ ብላት ሰሌዳውን ክፈት አለች፤ አልደገምኩትም።

ከ8 ሰዓት እስኪመሽ ሰሌዳው ላይ ነበርን። እኔ አንድ ሳጥን፣ እሷ አንድ ቀስት። እሷ ትደመስሳለች፣ እኔ እመልሳለሁ። በመጨረሻ የወጣው ይኸው፦ ሰው ዕድሩ ውስጥ ሲመዘገብ አንድ ሳጥን ይሞላል፤ «ማን ይንገርዎ?» የሚል። ክፉ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጮኸው የእነዚያ ሰዎች ስልክ ብቻ ነው። እነሱ ይሄዳሉ፣ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ይነግሩታል፣ ይይዙታል። «ይዘነዋል» የሚለውን ሲነኩ ብቻ ለቀረው ዕድርተኛ ይለፈፋል።

ሳጥኑን እኔ በግራ እጄ ሣልኩት። ማስ አላስተካከለችውም።

ምሳ አልበላሁም፤ ትዝ ያለኝ አሁን ነው። እንዲህ ያለ እሑድ ከነበረኝ ቆየ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ሳጥኑን ይዤ ዞርኩ። ጉድ ነው! ማንም አያመነታም። ስም ከአፋቸው ላይ ይወድቃል። ዳኛ አይቸው ወዲያው አማቹን አስጻፈ፣ ትንሽ አሰበና አስጠፋው፤ እሱ ሲያወራ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ እስኪነግረኝ ቀብሩ ያልፋል አለ። የሚስቱን ወንድም አስገባ።

እትዬ ሙሉ ጋ ደረስኩ። ማን ይንገርዎ? አንተ አሉኝ። እኔ? እኔ ቀልደኛው? አዎ አንተ። አንተ በበር ስትገባ ልቤ አይደነግጥም፤ እስክትናገር ድረስ ደህና እሆናለሁ።

ስሜን ሳጥናቸው ውስጥ ጻፍኩ። ይህን ጻፊልኝ፤ የመረጡት እኔን ነው።

ያንተስ አሉኝ። ሳመነታ አዩና፣ እኔን ጻፈኝ እንጂ ምን ያስፈዝዝሃል ብለው ተቆጡ። ጻፍኳቸው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ። ማታ 1 ሰዓት

ደወለች። ቶሎ ቶሎ አወራች፤ ቶሎ ስታወራ አውቃታለሁ። አለቆቿ ሐሳቡን ወደዱት። ሳጥኑን በተለይ ወደዱት። ግን ለዘንድሮ አይሆንም፤ ሌላ ሥራ መጥቷል፤ እሷም እዚያው ሥራ ላይ ትገባለች። ክረምቱን እዚያው ናት።

ጥሩ አልኩ። ጆሮዬ ከንዝንዝሽ ያርፋል አልኩ። ሳቀች። ሳቅኩ። አይዞህ ጋሼ አለች። አንቺ አይዞሽ አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

የነገርኳት እሑድ ባይሆንስ? ዝም ብልስ ኖሮ? አላውቅም። ደግሜ ብጠየቅ ደግሜ እነግራታለሁ። ብቻ ኖራ የቀባሁት ጓዳ ዛሬ በጣም ነጭ ነው።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ሰሌዳውን አልዘጋችውም። ሥዕሎቹ እንዳሉ ናቸው።

ለጨዋታ ብዬ፣ ለጨዋታ ነው የጀመርኩት፣ አዲስ ሳጥን ሣልኩ። ከላዩ ጻፍኩ፦ «ማስተዋል። ማን ይንገራት?» ሞልተሽ አሳዪኝ ብዬ መልእክት ላክሁ። እኔ አልሞት፣ አትፍሪ፤ ለሙከራ ነው።

ወደ 11 ሰዓት ላይ ነጥቧ መጣች። ሳጥኑ ዳር ቆመች። አልጻፈችም። ወደ ግራ ትንሽ ሄደች፣ ተመለሰች። ቆመች። ዓይኔን አላነሳሁም። አንድ ስም ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ ወጣች።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሳጥኑ ባዶ ነው።

ደወልኩ። እያላገጥኩ ጠየቅኋት። አከራይሽስ? እትዬ ትላቸዋለች፤ ስማቸውን አታውቅም። ጎረቤትሽስ? ግድግዳ የሚለያት አንዲት ልጅ አለች፤ ሳሏን ታውቃለች፣ ስሟን አታውቅም። የመ/ቤት ሰዎችስ? ደግ ናቸው፤ ቤቷን ግን አንዳቸውም አያውቁትም። ሄደሽ በር አንኳኪያ! እዚህ በር አይንኳኳም ጋሼ አለች። ሳቀች፣ ሥራ አለብኝ አለች።

እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ እያልኩ ለአንቺ አለቅሳለሁ። ዝናብ ያባረረው ሰው ይገባልኛል። ዳኛው ይሰድበኛል። እትዬ ሙሉ በነጠላ ይገርፉኛል። እሷን ማን ይገርፋታል?

እዚህ ክፉ ቢደርስ፣ የሞትኩት እኔ ብሆን፣ ማን ገብቶ አጠገቧ ይቀመጣል? ስልክ ነው የሚነግራት። ሠርተን ያፈረስነው ያ ነገር፣ ሳይሠራም አለ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ተቆርጧል። አ.አ. እሄዳለሁ። ነገ በማለዳው አውቶቡስ። ሱቁ በር ላይ «ጠጋኙ ሊጠገን ሄዷል» ብዬ ለጠፍኩ፤ ዳኛ አይቸው አነበበና ይሄንንም አስቀያሚ አድርገህ ጻፈው አለኝ።

መጀመሪያ ሳልነግራት ልደርስ ነበር። ድንገት በሯን ላንኳኳ፣ ልትጮህ፣ ልስቅ። ልብሴን እያጣጠፍኩ እጄ ቆመ። አጎት፣ ሳይጠራ፣ ከአገር ቤት፣ በር ላይ። የምታስበውን አወቅሁት። ወዲያው ደወልኩ። ማንም አልሞተም፣ እየመጣሁ ነው አልኳት፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ታዲያ ለምን? አለች። ጎረቤቶችሽን ልጠይቅ። የትኞቹን ጎረቤቶች? እሱን ነው የምንጠይቀው አልኳት። በስመ አብ፣ ጋሼ፣ እንዳታሳፍረኝ አለች። እንደማሳፍራት ቃል ገባሁ። አልዘጋችውም፤ ስንት ሰዓት እንደምደርስ ደጋግማ ጠየቀች።

የማደርገውን ወስኛለሁ። ከአከራይዋ እጀምራለሁ። ስሜ ፈንታሁን ነው፣ የማስተዋል አጎት ነኝ፣ የእርስዎስ ስም ማን ነው? እላለሁ። ከዚያ የሚሳልባት ልጅ በር። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ቢዘጉብኝ ቆሜ አወራለሁ፤ ማውራት አያልቅብኝም። ማስ ከኋላዬ ትቁም፣ ትፈር፣ ስም ግን ትስማ። የተገኘውን ስም ሳጥኑ ውስጥ በራሷ እጅ ትጻፍ።

ባዶ እጅ በር አይንኳኳም። እትዬ ሙሉ ድንች አምጥተው እየመረጡልኝ ነው፣ ትልልቁን። ጆንያው ሞልቷል፤ የአውቶቡሱ ረዳት ሊጮኽብኝ ነው። ጨምሩ አልኳቸው። ማስ የምትኖርበት ግቢ ውስጥ ስንት በር እንዳለ አላውቅም።